ለንድፍ ደርሷል ወይስ ገና ነው?

(በእድራችን የ2017 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



 እኔ የተማርሁት እስከ 6ኛ ክፍል ነው። 42 ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀምጬ ወረቀት ሳስገባና ሳስወጣ ኖሬ በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ወጣሁ። ስለዚህ ከእኔ የሊቅ ንግግር የምትጠብቁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያየሁትን ግን አልደብቅም።

እንደምታስታውሱት በጥቅምቱ ስብሰባችን ላይ «ጧሪ ለሌላቸው የሰፈራችን አረጋውያን የመርጃ ፕሮግራም ይቋቋም» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ቤቱ በጭብጨባ ተቀብሎታል። በአሜሪካን አገር የሚኖሩት የአባሎቻችን ልጆችም የአንድ ዓመት ወጪ እናዋጣለን ብለው ቃል ገብተዋል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ቀጥሎ ግን «ንድፉ ይሠራ፤ ለባለሙያ 25,000 ብር ከካዝና ይውጣ» ሲባል እኔ እጄን አውጥቼ «ገና ነው፤ ለንድፍ አልደረሰም» አልሁ። ያን ጊዜ ከወደ ኋላ «እርጅና ነው!» ያለ ሰው ነበር። ድምፁን አውቄዋለሁ። ከእኔ የሚያንሰው በ2 ዓመት ብቻ ነው።

ዳኛችን ግን ሥርዓት ያውቃሉና «ለምን ገና ነው እንዳሉ አይተው አጣርተው ይንገሩን» ብለው አዘዙኝ። እንግዲህ ይኸው መጣሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁንልኝ። ፕሮግራሙን አልቃወምም። ከቧንቧው በላይ ባለችው ቀጭን መንገድ ይኖሩ የነበሩትን እማማን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ያለፈው ዓመት በጥር ወር ሞተው የተገኙት በ2ኛው ቀን ነው። ያውም የተገኙት ዶሮዎቻቸው ጥሬ አጥተው ቢንጫጩ ጎረቤት በሩን ገፍቶ ስለገባ ነው። እድራችን በቀብራቸው ወግ ማዕረጉን አሳይቷል። ጡሩምባ ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ ሠልስቱ ድረስ እዝን ሳይቋረጥ ቀረበ፤ ከ200 የማያንስ ለቀስተኛ ተከትሏቸዋል። ሰው ሁሉ «ታድለው! ምን የመሰለ ቀብር!» ይል ነበር።

እኔ በዚያ ቀን ማታ የክፍያ መዝገቡን ገለጥሁ፤ የድሮ ልማድ ነው፤ ሰው ሲሞት መዝገብ እገልጣለሁ። እማማ ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሞቱበት ወር ዋዜማ ድረስ ከፍለዋል። አንድም ወር ባዶ የለም። ለመቀበሪያቸው ይህን ያህል ዘመን የከፈሉ ሰው ሲሞቱ ሁላችን መጣን፤ በሕይወት ሳሉ ግን ማን አንኳኳ? እኔ አላንኳኳሁም። ከቤቴ እስከ ቤታቸው 60 እርምጃ ነው፤ በኋላ ቆጥሬዋለሁ። ስለዚህ «እኚህ ሰውዬ ክፉ ናቸው፣ ለድኻ አያዝኑም» የምትሉ ካላችሁ ይህን እያሰባችሁ አድምጡኝ።

ታዲያ ለምን ገና ነው አልሁ? ያስባለኝ ወፍጮው ነው።

ወጣቶቹ አታስታውሱትም። በ1996 ዓ.ም. እኔ የእድሩ ጸሐፊ ሳለሁ «ወፍጮ ቤት ከፍተን ትርፉን ለችግረኛ አባሎች ልጆች ለደብተርና ለዩኒፎርም እናውለው» የሚል ሐሳብ ተነሣ። ልክ እንደ ዛሬው በጭብጨባ አለፈ። ባለሙያ ተፈልጎ ንድፍ ተሠራ። ያንን ንድፍ ዛሬም ባሳያችሁ ታደንቁታላችሁ። ወፍጮው የሚቆምበት፣ እህሉ የሚመዘንበት፣ ወረፋ ጠባቂ የሚቀመጥበት አግዳሚ ሳይቀር በቀለም ተሰምሮ፣ በወር ስንት ኩንታል ተፈጭቶ ስንት ብር እንደሚገባ በሠንጠረዥ ተቀምጧል። ያልተጠየቁት 2 ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ለወፍጮ የሚሆን ስሪ ፌዝ መብራት እዚያ ቦታ ድረስ ገብቷል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ በሰፈራችን እህል ገዝቶ፣ ለቅሞ፣ አበጥሮ የሚያስፈጭ ሰው ስንት ቀርቷል የሚለው ነው።

መብራቱ እስኪገባ 3 ዓመት ጠበቅን። ሲገባ ደግሞ ከገበያው በር ላይ ሁለት ወፍጮ ቤቶች ተከፍተው ነበር፤ ግማሹ ሰው የተፈጨ ጤፍና የተጋገረ እንጀራ ገዢ ሆኗል። የእኛ ወፍጮ 11 ወር ሠርቶ ቆመ። ድንጋዩ ዛሬ ዕቃ ቤታችን ውስጥ ነው፤ የድንኳኑ ሸራ ተቀምጦበታል። አንድም ደብተር አልተገዛበትም።

የዚያን ስብሰባ ቃለ ጉባዔ የጻፍሁት እኔ ነኝ። «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብዬ፣ አሳምሬ። ሰሞኑን አውጥቼ አነበብሁት። 4 ገጽ ሙሉ አንድም የጥያቄ ምልክት የለበትም።

ልብ በሉ፤ ንድፉ አልተበላሸም፤ ደህና ንድፍ ነበር። ጥሬ የነበረው ከንድፍ በፊት ያለው ነገር ነው። ንድፍ ስል ደግሞ የቤት ፕላን ብቻ ማለቴ አይደለም። ሥራው በማን፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ዕቃ፣ በስንት ብር፣ በምን ቁጥጥር እንደሚሄድ የሚወስን ወረቀት ሁሉ ንድፍ ነው። ጥሩ ባለሙያ ይህን ሁሉ ያሰናዳላችኋል። ግን እርሱ የሚያሰናዳው የነገራችሁትን ነው።

እኛ መዝገብ ቤት አዲስ ፋይል ስንከፍት በማኅደሩ ሽፋን ላይ የጉዳዩ ርእስ በአንድ መስመር ይጻፋል። «ልዩ ልዩ» ተብሎ የተከፈተ ፋይል መጨረሻው አያምርም፤ ሁሉም ወረቀት ይገባበታል፣ ማንም መልስ አያገኝበትም። በ42 ዓመት የተማርሁት ቁም ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ርእሱን በአንድ መስመር መጻፍ ያቃተህ ጉዳይ ገና ጉዳይ አልሆነም። ስለዚህ ኮሚቴው በተሰበሰበበት ዕለት አንድ ነገር ለመንሁ። «እባካችሁ አምስታችሁም የዚህን ፕሮግራም ርእስ ሳትነጋገሩ በየወረቀታችሁ ጻፉ» አልኋቸው። ቅር ሳይላቸው ጻፉ፤ ሰበሰብሁ። አንዱ «ለአረጋውያን ምሳ ማብላት» ይላል። አንዷ «በበሽታ ለተያዙ አረጋውያን ሕክምና» ብላለች። ሦስተኛው «የአረጋውያን መዋያ አዳራሽ ግንባታ» ብሎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሯል፤ እርሱ ሲሚንቶ ይወዳል። አራተኛው «ቤት ለቤት መጠየቅ» ነው። አምስተኛዋ «እንደ እማማ ብቻቸውን እንዳይሞቱ» ብላ ጽፋለች፤ ይህችኛዋን ሳነብ ቤቱ ዝም አለ።

አምስቱም ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን አምስት ፋይል ነው። ለባለሙያው የትኛውን እንስጠው?

የአንድ አባላችን ልጅ በግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ትሠራለች፤ ጠርተን አማከርናት። ልጅቱ ጨዋ ናት፣ ሰው አትንቅም። «አባባ፣ ንድፍ ሠሪው ‹እንዴት› ለሚለው ነው መልስ የሚሰጠው። ‹ለማን› እና ‹ለምን› የሚለውን እናንተ ካልነገራችሁት ከራሱ ይሞላዋል፤ ከሌላ ሰፈር የሠራውን ስሙን ቀይሮ ያመጣላችኋል» አለችኝ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ደብተር ገዝቼ ከሴቶች ተወካያችን ጋር ሰፈር ለሰፈር ወጣሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ጉልበቴ አሁንም አልዳነም።

የገባንባቸው ቤቶች 34 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በእርግጥ ጧሪ የለውም ልንለው የቻልነው 14 ሰው ነው። ይህ ቁጥር ራሱ አስገርሞኛል፤ በጥቅምቱ ስብሰባ «ከመቶ በላይ ናቸው» ተብሎ ነበርና። ከየት እንደመጣ ብጠይቅ፣ ብጠይቅ፣ ያለው ሰው ጠፋ።

ከ14ቱ የዕለት ምግብ የሚቸግራቸው 3 ናቸው። ቀሪዎቹስ? አንዲት እናት ልጃቸው ከቤይሩት ገንዘብ ትልካለች። ግን ባንክ ድረስ የሚወስዳቸው የለም፤ በስልክ እንዳይቀበሉ ዓይናቸው አያይም፤ የሚስጥር ቁጥሩን ለጎረቤት ልጅ ነግረው አንድ ጊዜ ተጎድተዋል። «ብሩስ አለ ልጄ፣ የሚያወጣልኝ እግር ነው ያጣሁት» አሉኝ። ሌላው አባት የጤና መድን ደብተራቸውን አሳዩን። ዘመኑ ካለፈ 7 ወሩ ነው። ለማሳደስ ወረፋ መቆም አይችሉም፤ ስለዚህ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ግማሹን እየቆረጡ ለሁለት ቀን ያደርጉታል። አምስቱ ደግሞ በከተማ ሴፍቲኔት በቀጥታ ድጋፍ ታቅፈው በየወሩ ጥቂት ብር ያገኛሉ። ያ ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር ሥራ መሥራት የማይችሉ አረጋውያንን እንዲይዝ ታስቦ ነው። እኛ ስለ እነዚህ ሰዎች ስንጨነቅ መንግሥት ቀድሞ መዝግቧቸዋል፤ እኛ አናውቅም። በአንጻሩ በዚያው መንገድ ላይ የሚኖሩና ከእነርሱ የባሰባቸው ሁለት ሰዎች መመዝገቢያው መቼ እንደነበር እንኳ አልሰሙም።

ምሳ ስለማብላት ያነሣንላቸው አብዛኞቹ ፊታቸው ተለወጠ። አንድ የቀድሞ ወታደር «እኔ እድርተኛ ነኝ እንጂ ተረጂ አይደለሁም። ድንኳን ሥር ተሰልፌ ሳህን አልይዝም» አሉ። ተቆጥተው ነው ያሉት። ቡና ግን ሳይጠጡ አልለቀቁንም፤ ቡናውን ያፈሉት ራሳቸው ናቸው፤ ሲኒው ሦስት ነበረ፣ ሦስቱም ጆሮ የለውም። ልንወጣ ስንል ምን እንደሚፈልጉ ጠየቅናቸው። ጥቂት አስበው «ማክሰኞ ማክሰኞ የሚመጣ ሰው» አሉ። «ለምን ማክሰኞ?» ብንላቸው «ቀኑ ይታወቅልኝ ብዬ ነው፤ እጠብቀዋለሁ» አሉን።

እንግዲህ ይህን ሳንጠይቅ ንድፍ አሠርተን ቢሆን ኖሮ ወጥ ቤትና አዳራሽ ይነደፍልን ነበር። ሰዎቹ የፈለጉት ደግሞ እግርና ማክሰኞ ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ።

ከ14ቱ 6ቱ በእድራችን መዝገብ ላይ የሉም። ደብተሩን ይዤ ቤቴ ገባሁና የድሮውን መዝገብ አገላበጥሁ። 6ቱም አባል ነበሩ። በደንባችን «በተከታታይ 3 ወር ያልከፈለ ከአባልነት ይሰረዛል» ይላልና ተሰርዘዋል። ከ6ቱ የ4ቱ ስም የተሰረዘው በእኔ ቀይ እስክሪብቶ ነው። ከጎኑ የራሴ ፊርማ አለ። በዚያን ጊዜ «ደንብ ደንብ ነው» እል ነበር፤ ሰው ለምን መክፈል እንዳቆመ መጠየቅ የጸሐፊ ሥራ አይመስለኝም ነበር። አንደኛዋ ባላቸው የሞተ፣ አንደኛው ዓይናቸው የጠፋ፣ እንዲህ ነው። በራፋቸው ላይ ስቆም ሁለቱ አወቁኝ። አንደኛው አባት «ሰርዛችሁኝ ስታበቁ ነው እንዴ የምትመግቡኝ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

ታዲያ ይህ ፕሮግራም ለማን ነው? ለአባል ብቻ ነው ካልን ከሁሉ የባሰባቸውን 6 ሰዎች ትተን ነው የምንሄደው። ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ነው ካልን ደግሞ ሳያቋርጥ ሲከፍል የኖረው አባል «የእኔ ክፍያ ምን ልዩነት አመጣ?» ቢል አይፈረድበትም። ወይስ የተሰረዙትን ውዝፋቸውን ምረን እንመልሳቸው? ይህን ሊወስን የሚችለው ይህ ጉባዔ ነው። የ25,000 ብር ባለሙያ አይወስንልንም፤ ቢወስንልንም ነገ የሚያጣላን ነገር ነው። ይህ ሳይቆረጥ ለንድፍ ደርሷል ማለት አይቻልም።

አንዳንዶቻችሁ በቡና ላይ እንዲህ ብላችሁኛል፦ «ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ጥናት ጠበቁ ወይ? መቄዶንያስ በንድፍ ተጀመረ ወይ?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ላስብበት ብዬ ወደ ቤቴ ሄጃለሁ። እውነት ነው፣ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም ሄደው፣ በወሎ ረኃብ የወደቀውን ሰው አይተው ሲመለሱ ሁለት ሕፃናት ይዘው ነው የመጡት። ማንንም አላማከሩም። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ፤ በዚህም ምክንያት ትዳራቸውን እስከማጣት ደርሰዋል። መቄዶንያንም አቶ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የጀመረው በቤተሰቡ ቤት ነው። ግን እስቲ አስተውሉት። እነዚህ ሰዎች ንድፍም አላስነደፉም እኮ! ከሕፃኑ ነው የጀመሩት። ለማን እንደሚሠሩ የሚያውቁት በእጃቸው ስለያዙት ነው። ንድፉ፣ ሕንፃው፣ ሠራተኛው በኋላ ተከተለ። እኛ ግን ሕፃኑን ሳንይዝ አልጋውን ልናስለካ ነው የተነሣነው። ደግሞም እነርሱ ያወጡት የራሳቸውን ነው፤ ቢጎድልም የሚጎድለው በራሳቸው ላይ ነው። እኛ የምናወጣው የሰው መቀበሪያ ነው።

ስለ ገንዘቡ ካነሣሁ፣ ገንዘብ ያዣችን ፈቅደውልኝ ሒሳቡን አይቻለሁ። 240 አባል በወር 60 ብር ሲከፍል በዓመት 172,800 ብር ይገባል፤ ሁሉም ከከፈለ ነው እንግዲህ። ለአንድ ሐዘን 15,000 ብር እንሰጣለን። በዓመት 8 ሰው ቢሞትብን፣ እግዚአብሔር ይጠብቀን፣ 120,000 ይወጣል። የጥበቃው ደመወዝ፣ የሸራው ጥገና፣ የተሰበረው ወንበር ሲነሣ እጃችን ላይ የሚቀረው 30,000 ብር ቢሆን ነው። ለ14 ሰው በየቀኑ የ100 ብር ምሳ እናብላ ብንል በዓመት 511,000 ብር ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ደመርሁት። በአንጻሩ ሁለት ደህና ወጣቶች ማክሰኞና ዓርብ እየዞሩ ባንክና ጤና ጣቢያ እንዲያደርሱ፣ መድኃኒት እንዲያመጡ፣ ለትራንስፖርትና ለኪስ በወር 2,000 ብር ብንመድብ በዓመት 24,000 ብር ነው። ይህኛው አቅማችን ነው። ለ3ቱ የምግብ ችግረኞች የየቤቱ ተራ ይበቃል፤ ሰፈር እኮ ነን።

«የአሜሪካኖቹ ልጆች ይልካሉ» ትሉኝ ይሆናል። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ቃል የገቡት ግን የአንድ ዓመት ነው። በ1990ዎቹ የኤች አይ ቪ ጊዜ ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ከቀብር ወጥተው ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳትና ሕመምተኛ በየቤቱ ማስታመም ጀምረው ነበር፤ ከግብረ ሰናይ ድርጅቶችም ገንዘብ ያገኙ ነበር። የሚያኮራ ሥራ ተሠርቷል። ግን በማውቀው በአንድ እድር የፕሮጀክቱ ዘመን ሲያልቅ ለልጆቹ የነገራቸው አልነበረም። መስከረም ሲብት እንደ ልማዳቸው ደብተር ሊወስዱ መጥተው የዕቃ ቤቱ በር ላይ ተሰልፈው አይቻለሁ። ዕቃ ቤቱ ተዘግቷል። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አልሄዱም። ስለዚህ የውጭው ገንዘብ በ13ኛው ወር ቢቆም የትኛውን ሥራ እንቀጥላለን፣ የትኛውን እንተዋለን የሚለው ዛሬ መልስ ይፈልጋል። ገንዘቡን በምን ስም እንደምንቀበልም እንደዚሁ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 እድርንና እቁብን አይመለከትም ነበር፤ እርሱ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል። «ሰማሁ» እና «ይባላል» አይበቃም፤ ጥያቄያችንን በጽሑፍ አቅርበን የወረዳውን መልስ በቁጥርና በቀን ፋይል እናድርገው። ማመልከቻውን እኔ አረቅቃለሁ፤ እርሱ አያቅተኝም።

ይህን ሁሉ ስናገር የሴቶች ተወካያችን በኮሚቴው ፊት የተናገሩኝን ልደብቅ አልችልም። እንዲህ አሉኝ፦ «ጋሼ፣ እርስዎ ርእስ እስኪያገኙ ድረስ ሌላ እማማ ይሞታሉ።» አመመኝ፤ እውነት ስለሆነ ነው ያመመኝ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰው ስለሆንሁ «ይጠና» የሚለው ቃል ለስንት ጉዳይ መቃብር እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ። «ይጠና» ተብሎ ጥግ የተቀመጠ ፋይል አቧራውን የጠረግሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ገና ነው ማለት ብቻውን ነውር ነው፤ እስከ መቼ ገና እንደሆነ ቀን ሊቆረጥለት ይገባል።

የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው። ለንድፍ የሚወጣው 25,000 ብር አሁን አይውጣ። በምትኩ ከፊታችን መስከረም አንሥቶ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ሁለት ወጣቶች መርጠን ማክሰኞና ዓርብ 14ቱን ቤት ይዙሩ፤ አባልም ይሁን የተሰረዘ። ወጪው 8,000 ብር ነው። በየዕለቱ ምን እንደተጠየቁ፣ ምን እንዳደረጉ፣ ምን እንዳቃታቸው በደብተር ይጻፉ። መንግሥት እንኳ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን በአንድ ቀን አገር አላለበሰውም፤ በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሞክሮ ነው ያስፋፋው። በጥር ወር ጉባዔ ደብተሩ ይነበባል፤ የተሰረዙት ጉዳይም በዚያው ቀን በድምፅ ይቆረጣል፤ የወረዳውም መልስ ይቀርባል። ያን ጊዜ ርእሱን በአንድ መስመር መጻፍ ከቻልን ባለሙያው ይጠራ፣ ንድፉ ይሠራ፣ እኔም አጨበጭባለሁ። ሁለቱ ወጣቶች አሳባቸው ሌላ ሆኖ ከተገኘ፣ ወይም አረጋውያኑ «አትምጡብን» ካሉ ደግሞ 8,000 ብር ከሰርን ማለት ነው፤ ከወፍጮው ይሻላል።

እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ እኔና የሴቶች ተወካያችን ደብተሩን ለማሟላት እንጠቀምበታለን። ያልገባንባቸው 3 ቤቶች ቀርተዋል። ሁለቱ ከወንዙ ማዶ ናቸው፤ ክረምት ስለሆነ ድልድዩን ብቻዬን መሻገር እፈራለሁ፤ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብሮኝ የሚሻገር ወጣት ቢኖር ደስ ይለኛል። ሦስተኛው ቤት ውሻ አለበት። ደብተሩ በዕቃ ቤት ኃላፊያችን እጅ ነው፤ ማንበብ የሚፈልግ ፈርሞ ይውሰድ፣ ፈርሞ ይመልስ።